የላርኪኖች ገበታ የሞላው በገጠሩ ቸርነት አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ እንግሊዝ ገጠር ድራማዎች ባወጣችሁት ጽሑፍ «ዘ ዳርሊንግ በድስ ኦፍ ሜይ» የተሰኘውን ተከታታይ ድራማ ማንሣታችሁ መልካም ነው። ጸሐፊው ግን ካሜራ ገጠር ወስዶ መትከል ብቻ የበቃ፣ የቀረውን ተፈጥሮ የሠራችው አስመስለው አቅርበውታል። ይህን አባባል የአገራችን ባለሙያዎችም ስለ ገጠር ድራማ ሲናገሩ ይደጋግሙታል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ድራማው የሚያሳየው ገጠር ቀረጻው በተካሄደበት ጊዜ ከሞላ ጎደል ጠፍቶ ነበር፤ ተመልካቹን የያዘውም መልክዓ ምድሩ ሳይሆን ከጀርባው ያለው የራሽን ካርድና የግብር ቅጽ ነው። ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ላላዩት ባጭሩ እንዲህ ነው። መነሻው ኤች. ኢ. ቤትስ በ1958 ያሳተመው አጭር ልብ ወለድ ነው። ፖፕ ላርኪን በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ በምትገኘው ኬንት ውስጥ አሮጌ ብረታ ብረትና ከጦር ሠራዊት የተረፈ ዕቃ እየገዛ የሚሸጥ አየር ባየር ነጋዴ ነው። «ማ» ከምትባለው የልጆቹ እናት ጋር ሳይጋቡ ስድስት ልጆች ወልደዋል። አንድ ቀን ቻርሊ የሚባል ወጣት የግብር ቢሮ ሠራተኛ፣ ፖፕ በዕድሜው ሞልቶት የማያውቀውን ቅጽ ሊያስሞላው ይመጣል። ቁጭ በልና ብላ ይሉታል፤ ትልቋን ልጅ ማሪየትን ያያል፤ በዚያው ይቀራል። ዮርክሻየር ቴሌቪዥን በ1991 አይ ቲ ቪ ለተባለው የብሪታንያ ጣቢያ ሲሠራው ዴቪድ ጄሰን ፖፕን፣ ፓም ፌሪስ እናትየዋን፣ ፊሊፕ ፍራንክስ ቻርሊን፣ ያኔ እምብዛም የማትታወቀው ካትሪን ዜታ ጆንስ ደግሞ ማሪየትን ሆነው ተጫወቱ። ከ15 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አየው።

አሁን ገበታውን እንመልከት። የዝይ ጥብስ፣ የአሳማ ሥጋ፣ እንጆሪ በክሬም፣ አይስክሬም፣ ቢራ፤ ምግብ ያልቀረበበት ትዕይንት ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። (የአሳማው ነገር ለእኛ አገር ተመልካች ብዙም ምራቅ የሚያስውጥ አይደለም፤ ይለፈን።) ዛሬ ለሚያየው ተራ ሆዳምነት ሊመስለው ይችላል። በ1958 መጽሐፉን የገዛው እንግሊዛዊ ግን እንደዚያ አላየውም። ብሪታንያ ምግብ በራሽን ማደል የጀመረችው በጃንዋሪ 1940 በቤከን፣ በቅቤና በስኳር ነበር። ልኩ ከፍ ዝቅ ቢልም የአንድ አዋቂ የሳምንት ድርሻ በአብዛኛው ቅቤ 57 ግራም፣ ሻይ ቅጠል 57 ግራም፣ ስኳር 227 ግራም፣ እንቁላል አንድ ነበር። ሥጋ የሚታደለው በክብደት ሳይሆን በዋጋ ስለሆነ ርካሹን ብልት የመረጠች እናት ጥቂት ጨምራ ታገኛለች። ጦርነቱ አብቅቶም አልቀረም። እንዲያውም በጦርነቱ ጊዜ ያልተነካው ዳቦ ከ1946 እስከ 1948 ራሽን ገባ። ሻይ በ1952፣ ስኳር በ1953 ነፃ ወጡ፤ ሥጋ የመጨረሻው ሆኖ ጁላይ 4 ቀን 1954 ተለቀቀ።

ልብ ወለዱ የወጣው ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ብቻ ቆይቶ ነው። በእነዚያ 14 ዓመታት ገበሬ የራሱን አሳማ እንኳ ያለ ፈቃድ ቢያርድ ይከሰስ ነበር። ስለዚህ ፖፕ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ሳይለካ ሥጋ ሲቆርጥ አንባቢው የሚያየው ደግነትን ብቻ አይደለም፤ ሚዛኑና የራሽን ኩፖን የሚቆርጠው መቀስ መወገዳቸውንም ነው። በደርግ ዘመን ደብተር ይዞ ቀበሌ ሱቅ ለስኳርና ለዘይት የተሰለፈ አንባቢያችሁ ይህን ገበታ ከዛሬ ወጣት እንግሊዛዊ በተሻለ ይረዳዋል ብል ማጋነን አይሆንም።

ሁለተኛው ምሰሶ ግብሩ ነው። በ1958 መደበኛው የገቢ ግብር ምጣኔ ከአንድ ፓውንድ ላይ 8 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ ነበር። ፓውንዱ 20 ሺሊንግ፣ ሺሊንጉ 12 ፔንስ ነውና፣ ተቀናሹ ከወጣ በኋላ ከሚቀረው 42.5 በመቶ ማለት ነው። ደመወዝተኛው ከ1944 ጀምሮ ግብሩ በአሠሪው እጅ ተቆርጦ ስለሚቀር መንቀሳቀሻ የለውም። እንደ ፖፕ በየመንገዱ የሚነግድ ሰው ግን ገቢውን ራሱ ሞልቶ ማስታወቅ አለበት፤ ቢሮው ቅጽ ይልካል፣ መልስ ሲጠፋ ሰው ይልካል። የቻርሊ መምጣት በዘፈቀደ የተፈጠረ አጋጣሚ አይደለም፤ ሥርዓቱ የሚሠራው እንዲያ ስለሆነ ነው። ደመወዙ በየሳምንቱ የሚቆረጥበት ተመልካች ፖፕ ቅጹን ሲያድበሰብስ የሚስቀው ስለዚህ ነው። በ1991 የነበረው ተመልካችም ሺሊንግ ባያውቅ ቅጽ ያውቃል።

ይህ ግምት እንዳይመስል አንድ ማስረጃ አለ። ሆሊውድ ይህንኑ ታሪክ በ1959፣ መጽሐፉ በወጣ በዓመቱ፣ ሜሪላንድ ወስዶ ፊልም አድርጎታል። ግብሩ እዚያም ግብር ነውና ተሻገረ። ገበታው ግን አልተሻገረም። አሜሪካ ራሽኗን በ1947 ጨርሳ ስለነበር የሞላ ጠረጴዛ ለተመልካቿ ብርቅ አልነበረም፤ ቤተሰቡ የሚያስቁ ባላገሮች ብቻ ሆኖ ቀረ።

ወደ መልክዓ ምድሩ ልመለስ፤ ጸሐፊው በጣም የተሳሳቱት እዚህ ላይ ነውና። ቀረጻው የተካሄደው ኬንት ውስጥ በፕላክሊና በቤተርስደን መካከል በሚገኘው ባስ ፋርም ነው። ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ በኦክቶበር 1987 የደቡብ እንግሊዝን 15 ሚሊዮን ያህል ዛፍ የገነደሰ ማዕበል አልፎ ነበር፤ ኬንት ክፉኛ ከተመቱት አንዷ ናት። ከዚያም በፊት ኤልም የሚባለው ትልቅ የአጥር ዛፍ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በበሽታ አልቋል፤ በአገሪቱ የጠፋው ወደ 25 ሚሊዮን ይገመታል። የ1950ዎቹ የኬንት አድማስ በኤልም የተሞላ ነበር። ስለዚህ በዚህ አገር የዚያን ዘመን ድራማ የሚቀርጽ ሰው ትልቁ ጠላቱ ሰፊ ሾት ነው። ካሜራው ኮረብታ ላይ በወጣ ቁጥር የሌለው ዛፍ ይታያል። መፍትሔው ዝቅ ማለት፣ ቁጥቋጦ አጥሩን ከፊት ማስገባት፣ ሜዳውን በጎተራና በግድግዳ መሸፈን ነው።

ቀጥሎ ቀለሙ ይመጣል። በሜይ ወር ማሳውን ደማቅ ቢጫ የሚያደርገው ጎመንዘር በእንግሊዝ የተስፋፋው ከ1970ዎቹ ወዲህ ነው። ላርኪኖች በጭነት መኪናቸው ሲያልፉ ከኋላቸው ቢጫ ማሳ ከታየ ዘመኑ ፈረሰ። በጥቁር ላስቲክ የተጠቀለለ የከብት መኖም እንዲሁ ነው፤ ያኔ ድርቆሹ ይከመራል ወይም በትንንሽ አራት ማዕዘን ይታሰራል። የመኪና ሰሌዳ ሌላው ወጥመድ ነው። ዓመትን የሚያመለክተው ፊደል ሰሌዳ ላይ የገባው በ1963 ሲሆን፣ የሚያንጸባርቀው ነጭና ቢጫ ሰሌዳ በአዳዲስ መኪኖች ላይ ግዴታ የሆነው በ1973 ነው። ለፖፕ ዘመን ጥቁር መደብ ላይ ነጭ ወይም ብርማ ፊደል ያለው ያስፈልጋል። ላሞቹን ደግሞ ጆሮአቸውን እዩ። በሁለቱም ጆሮ የሚንጠለጠለው ቢጫ መለያ ከ1998 ወዲህ የመጣ ግዴታ ስለሆነ የዛሬ ቀራጭ ወይ በርቀት ያነሣቸዋል ወይ መለያውን በኮምፒውተር ያጠፋል።

ድምፁም አለ። በ1990 እና በ1991 እንግሊዝንና ፈረንሳይን ከባሕር በታች የሚያገናኘው የቻናል ተነል ቁፋሮ እየተካሄደ ነበር፤ ኤም 20 የተባለው አውራ ጎዳና በሜድስተንና በአሽፎርድ መካከል የቀረው ክፍሉ ተጠናቆ የተከፈተው በዚያው በ1991 ነው። የወፍ ጫጫታ የሚሰማበት ጸጥ ያለ ግቢ ለማግኘት ንግግሩን ለብቻ፣ ወፉን ለብቻ መቅዳት የግድ ይላል።

ስለ ወቅቱም መናገር ያስፈልጋል። የኬንት ፖም የሚያብበው ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ሜይ አጋማሽ ነው፤ አንዱ እርሻ ላይ አበባው ሁለት ሳምንት ቢቆይ ነው፤ ነፋስና ዝናብ ካገኘው ያንንም አይሞላም። መስክ ላይ የሚበቅለው እንጆሪ በጁን ይደርሳል። ቢራን የሚያመርረው ሆፕ የሚባለው የእንግሊዞች ጌሾ የሚለቀመው ከኦገስት መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር ነው። ስክሪፕቱ አበባውንና እንጆሪውን በአንድ ክፍል ካስገባ፣ አበባው ላይ ያሉት ትዕይንቶች በሙሉ አስቀድመው ተቀርጸው ማለቅ አለባቸው፤ ተዋናዩ ገና ገጸ ባሕርይውን ሳይለምድ የፍቅሩን ጫፍ ይጫወታል ማለት ነው። አበባው ካመለጠ ሌላ ዓመት መጠበቅ ወይም የጨርቅ አበባ ማሰር ነው፤ የጨርቅ አበባ ደግሞ ነፋስ ሲመታው ስለማይረግፍ ያጋልጣል።

በ2021 አይ ቲ ቪ ታሪኩን «ዘ ላርኪንስ» ብሎ እንደገና ሲሠራው ችግሩ ብሶ ጠብቆታል። ዛሬ የኬንት እንጆሪ ባብዛኛው በላስቲክ ዋሻ ውስጥ፣ ከመሬት ከፍ ባለ አሸንዳ ላይ ይበቅላል፤ ለቃሚው አያጎነብስም። የድሮው ለቃሚ ግን ገለባ በተነጠፈበት መደብ ላይ ይንበረከካል፤ ቻርሊና ማሪየት የሚቀራረቡት ጎንበስ ብለው ነው እንጂ ቆመው አይደለም። የፖም እርሻውም ተለውጧል። በ1950ዎቹ የነበረው ዛፍ ረጅም መሰላል የሚጠይቅ፣ ከሥሩ በግ የሚግጥበት ነበር። ዛሬ ያለው ኢስት ሞሊንግ የምርምር ጣቢያ ለይቶ ባወጣው ኤም 9 በተባለ አሳጣሪ ሥር ላይ የሚዳቀል፣ በእንጨትና በሽቦ ተደግፎ በረድፍ የቆመ ቁጥቋጦ ነው። የድሮ ዛፍ ያለበት የተረፈ ማሳ ፈልጎ መከራየት የቀረጻ ቦታ መራጩ የመጀመሪያ ሥራው ነው።

የገበታው ትዕይንት ደግሞ ከውጭው አያንስም። ሁለት ወላጆች፣ ስድስት ልጆችና ቻርሊ፣ ዘጠኝ ሰው ማለት ነው። መጀመሪያ ሁሉንም የሚያሳየው ሾት ይነሣል፤ ከዚያ ካሜራው እየዞረ በየፊቱ ያንኑ ንግግር ይደግማል። በእያንዳንዱ ድግግሞሽ ሳህኑ ወደነበረበት መሞላት፣ የተቆረሰው ዳቦ በዚያው ልክ መቆረስ፣ ብርጭቆው እዚያው መስመር ላይ መድረስ አለበት። ተዋናዩ የትኛዋን ቃል ሲል እንደጎረሰ የኮንቲኒዩቲ ሠራተኛዋ ትመዘግባለች፤ ከረሳ ሁለቱ ሾቶች አይጋጠሙም። ልምድ ያለው ተዋናይ በመጀመሪያው ሾት ትንሽ የሚጎርሰው ለዚህ ነው፤ ትልቅ ከጎረሰ ቀኑን ሙሉ ትልቅ ሊጎርስ ነው። አይስክሬም በመብራት ስለሚቀልጥ የማይበላው በተፈጨ ድንች ይተካል። የሕፃናት ተዋንያን የሥራ ሰዓት በሕግ የተገደበ በመሆኑ የእነርሱ ፊት ቀድሞ ይነሣል፤ ሲሄዱ ትልልቆቹ ባዶ ወንበር እያዩ ይስቃሉ። ግቢ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ፀሐይዋ አለች። ሰፊው ሾት በፀሐይ ተነሥቶ የፊቱ ሾት ላይ ደመና ከመጣ ወይ መጠበቅ ወይ በመብራት መተካት ነው።

የድራማውን ድካምም ሳልጠቅስ አላልፍም። ቤትስ ስለ ላርኪኖች የጻፈው አምስት መጽሐፍ ብቻ ነው፤ ሁሉም አጫጭር ናቸው። የ1991ዱ የመጀመሪያ ዙር ሦስቱን እያንዳንዳቸውን በሁለት ክፍል ጨረሰ። እስከ 1993 ድረስ 20 ክፍል ለመሙላት አዳዲስ ታሪክ መፈልሰፍ ግድ ሆነ። በእኔ ግምት መላላቱ የመጣው ግን በመጽሐፍ እጥረት አይደለም። ቻርሊ ሥራውን ትቶ አማች ከሆነ በኋላ ቅጹን ይዞ በሩን የሚያንኳኳ ሰው የለም። የሚያስፈራው ሰው ገበታው ላይ ተቀምጦ ከበላ ገበታው ምን ይከላከላል? የኋለኞቹ ክፍሎች ውብ ናቸው፤ ግን ማንም ምንም አያጣባቸውም።

በመጨረሻ አንድ እርማት። ከጽሑፉ ጋር ያወጣችሁት ፎቶ ሥር «1991» ተብሎ ሰፍሯል። በፎቶው ላይ ፖፕ ሆኖ የሚታየው ዴቪድ ጄሰን ሳይሆን ብራድሊ ዋልሽ ነው፤ አጠገቡ ያሉትም ፓም ፌሪስ ሳይሆኑ ጆአና ስካንላን ናቸው። ፎቶው የ2021ዱ ዝግጅት ነውና በድረ ገጹ ላይ ይስተካከል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከኬንት