ያ 10 ዓመት አለቀ

ወንድሜ፣

እንዴት ከርመሃል? ቤተሰብ ደህና ነው? እኔ ደህና ነኝ። ከናፍቆትህ በቀር ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ግን ይህን ያህል ዘመን ድምፁን አጥፍቶ የኖረ ሰው «ናፈቅከኝ» ቢልህ አታምነውም። ልክ ነህ።

ዛሬ ምን አስታወሰህ ትለኝ ይሆናል። ባለፈው ሳምንት በዚያ ሰፈር በኩል አለፍኩ። ማዘጋጃ ቤት አብረን ስንሠራ ፋይላቸውን ተሸክመን ከቢሮ ቢሮ የተንከራተትንላቸው 40 የኪራይ ቤቶች፣ አስታወስካቸው? በየበሩ ሥር ደብዳቤ ገብቷል። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ኪራዩ በገበያ ዋጋ ይሆናል ይላል። ቁልፍ ስናስረክብ እያለቀሰች የመረቀችን ሴትዮ ደጃፏ ላይ ቆማ ታነበው ነበር። አወቀችኝ። «ልጄ፣ ይሄ ነገር ስህተት ነው አይደል?» አለችኝ። ስህተት አልነበረም። ውሉ እንደዚያ ነው የሚለው።

የተጣላነውም በዚያች አንቀጽ ነበር። አንተ የኪራይ ጣሪያው፣ ኪራዩ ከዚህ አይለፍ የሚለው ገደብ፣ ማብቂያ አይኑረው አልክ። እኔ ደግሞ አልሚው፣ ቤቱን የሚሠራው ባለሀብት፣ ይሸሻል፣ 10 ዓመት ይበቃል፣ እስከዚያ ማን ያስታውሰዋል አልኩ። ማን እንደሚያስታውሰው አሁን አየሁት። ያኔ እቅፍ የነበረችው ልጄ ዛሬ ስልኬን የምትቀማኝ ሆናለች። 10 ዓመት ማለት ይሄው ነው።

ሌላ ቦታስ እንዴት ሆነ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። መጀመሪያ ያጽናናኝ የሌላ ሰው ጥፋት ነው፤ ታዝበኸኝ እለፍ። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሞንትጎመሪ የሚባል ካውንቲ (እንደ ወረዳ ያለ አስተዳደር) አለ። እ.ኤ.አ. በ1974 ሕግ አወጣ (ከዚህ በታች የምጠቅስልህ ዓመትም ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ነው)። 50 እና ከዚያ በላይ ቤት የሚሠራ ሰው 15 በመቶውን ገቢያቸው መካከለኛና ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች እንዲያደርግ ያዝ ነበር። በምላሹ ከተፈቀደው በላይ እስከ 20 በመቶ ቤት እንዲጨምር ይለቀቅለት ነበር። ካዝና ሳይነካ ቤት መሥራት ማለት ነው። ግን የዋጋ ቁጥጥሩን መጀመሪያ 5 ዓመት፣ ቀጥሎ 10 ዓመት አደረጉት። በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች ጊዜያቸው እያለቀ ወደ ገበያው ፈሰሱ። በ2005 ነቅተው ለሚሸጡት 30፣ ለሚከራዩት 99 ዓመት አሉ። እኛ የሳትነውን እነሱ ከእኛ ቀድመው ስተውታል፤ አንብበን ቢሆን ኖሮ በነጻ እንማር ነበር።

በርሊን ደግሞ በ2004 ዕዳ ሲያስጨንቃት አንድ የራሷን የቤቶች ድርጅት ሸጠች። 65 ሺህ ገደማ ቤት፣ በ405 ሚሊዮን ዩሮ። በ2021 ቤት ቸግሯት 14,750 ያህል ቤት ከኩባንያዎች ስትገዛ ወደ 2.46 ቢሊዮን ዩሮ ከፈለች። አንተ ሒሳብ ትወዳለህ፣ ለአንድ ቤት አካፍለውና እየው። እኔ ሳካፍለው ደጋግሜ ነው ያየሁት፣ የተሳሳትኩ መስሎኝ።

ከሁሉ የያዘኝ ግን በርሊንግተን ናት። እዚያው አሜሪካ፣ ቨርሞንት ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ። በ1984 ምክር ቤቱ 200 ሺህ ዶላር መነሻ ሰጥቶ አንድ የመሬት አደራ ማኅበር ተቋቋመ። መሬቱ የማኅበሩ ሆኖ ይቀራል። ሰውየው ቤቱን ብቻ ይገዛል፤ የመሬቱ ዋጋ ስለማይጨመርበት አቅሙ ይችለዋል። ሲሸጥ የከፈለውን ይወስዳል፣ ቤቱ ዋጋ ጨምሮ ከሆነም ከጭማሪው ሩቡን ያገኛል። የቀረው ከቤቱ ጋር ይቆያል፤ ቀጣዩም ገዢ እንደ እሱ አቅሙ ውስን የሆነ ሰው ነው። ባለቤቱ ባዶ እጁን አይወጣም፣ ቤቱም አያመልጥም። አንተ ያኔ ነጭ ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ የሳልክልኝ ነገር ይኸው ነበር። ወረቀቱን ምን እንዳደረግኩት አልነግርህም።

የኦስትሪያዋን ቪየናን አንተው ነህ የምታውቃት። በ1923 የቤት ግብር ጥላ፣ የቅንጦት ቤት ያለው አብዝቶ እንዲከፍል አድርጋ፣ እስከ 1934 ከ60 ሺህ በላይ ቤት ሠራች። እኔን የደነቀኝ ብዛቱ አይደለም። ካርል ማርክስ ሆፍ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ሕንፃ ነው፤ በ1930 ተመረቀ፣ ዛሬም የከተማው ነው፣ ዛሬም ተከራይ ይኖርበታል። ከተማዋ አሁን 220 ሺህ ያህል የራሷ ቤት አላት። አልሸጠችም፣ በቃ።

ከእኔ ወገን ሆኜ አንድ ነገር ልበል ግን፤ ሁሉም ጥፋት የእኔ አይደለም። አልሚው ይሸሻል ያልኩት ውሸት አልነበረም። ማዘጋጃ ቤት መሬትና ፊርማ እንጂ ብዙ ገንዘብ የለውም። ግዴታውን አክብደህ ምንም ካልሰጠኸው ሰውየው ቤቱን አይሠራም፤ ያልተሠራ ቤት ደግሞ በማንኛውም ዋጋ አይከራይም። ስለዚህ ፎቅ ጨምርለት። በአንድ መሬት ላይ 10 ቤት ብቻ ከፈቀድክ የመሬቱን ዋጋ 10 ሰው ይሸከመዋል፤ 30 ከፈቀድክ 30 ሰው ይካፈለዋል። ለየቤቱ የመኪና ማቆሚያ ቆፍር የሚለውንም ደንብ አንሳለት፣ መኪና የሌለው ተከራይ ለምን ይከፍላል? የኒውዚላንዷ ኦክላንድ በ2016 አብዛኛውን የመኖሪያ መሬቷን ለብዙ ቤት ከፈተች፤ የግንባታ ፈቃዱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እጥፍ ሆነ። የድሮው አለቃችን «ቤት ይብዛ እንጂ ዋጋው ራሱ ይወርዳል» ሲል አንተ ትናደድበት ነበር። ግማሹ እውነት ነው፣ ይቅርታ። ግን ዋጋው እስኪወርድ የሚጠብቅበት ጣሪያ የሌለው ሰው አለ። ያቺ ሴትዮ እስከ ወሩ መጨረሻ ነው ያላት።

እሷን ለማቆየት እየሞከርኩ ነው። አልሚውን ለመንኩት፤ ጨዋ ሰው ነው፣ ሻይ ጋብዞኝ ውሉን አሳየኝ። ፊርማዬ ከታች አለ።

አሁን ሌላ ፋይል ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል። 120 ቤት፣ የማዘጋጃ ቤቱ መሬት። ረቂቁን እኔ ነኝ የጻፍኩት። መሬቱን እንዳይሸጡ ብዬ ነው የጀመርኩት፣ ከዚያ የኪራይ ጣሪያው የሚቆይበትን ጊዜ የምትለዋ መስመር ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ቦታውን ባዶ ትቼዋለሁ። ስብሰባው በመጪው ወር ነው። ቁጥሬ አልተቀየረም፤ ከመጣህ እስክሪብቶህን ይዘህ ና።

ያው የድሮው ጓደኛህ