ስማቸው ከኋላ መስመርም ይሰማ፦ ለትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ የድጋፍ ጥሪ

ለቀድሞ ተማሪዎች፣ ለወላጆች፣ ለመምህራን፣ ደብረ ብርሃን ተምራችሁ አሁን አዲስ አበባም ዱባይም ዋሽንግተንም ላላችሁ ሁሉ።

ነገሩን በቀጥታ ልናገር። የትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ድምፁ ጠፍቷል። አምፕሊፋየሩ ዘንድሮ ትምህርት እንደተጀመረ መብራት ሄዶ ሲመጣ ተቃጠለ። ተጠገነ፣ እንደገና ተቃጠለ፣ ጠጋኙም በመጨረሻ «ሌላ ግዙ» ብሎ መለሰው። ከሁለቱ ሞንታርቦዎች አንዱ ይንጫጫል እንጂ አይናገርም። ስለዚህ ዓርብ ጠዋት ሰልፍ ላይ የሳምንቱን ዜና የሚያነቡት ልጆች በባዶ ድምፃቸው ይጮኻሉ። ደብረ ብርሃንን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ በታኅሣሥ ውርጭ፣ ያ ነፋስ እየገረፈ፣ ከፊት ካሉት ሁለት ሦስት መስመሮች በስተቀር የሚሰማ የለም። 9ኛ ክፍሎች ደግሞ የሚሰለፉት ከኋላ ነው። ገና ትምህርት ቤቱን ያልለመዱት፣ ከሁሉም በላይ መስማት ያለባቸው እነሱ ናቸው።

«ለሞንታርቦ ነው እንዴ የምትለምኑን?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። አዎ፣ ለሞንታርቦ ነው። ትንሽ ታገሱኝና ዓርብ ዓርብ ምን እንደሚነበብ ልንገራችሁ።

ዜናውን የሚያዘጋጁት የክበቡ አባላት ራሳቸው ናቸው። ሰኞ ክፍል ለክፍል ይዞራሉ፣ ሆም ሩም መምህራንን ይጠይቃሉ፣ ረቡዕ ይጽፋሉ፣ ሐሙስ አንድ የአማርኛ ቲቸር ያርሙላቸዋል፣ ዓርብ ይነበባል። የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን ማሸነፉ አለ። የቤተ መጻሕፍቱ ሰዓት መቀየሩ፣ የጠፋ ካልኩሌተር፣ እናታቸው ያረፉባቸው መምህር። አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ ከተጣለ ሬዲዮ ዕቃ ፈታትቶ የውሃ በርሜል ሲሞላ የሚጮህ ደወል መሥራቱም ተነግሯል። ውሃ በሌሊት ተጠብቆ በሚቀዳበት ቤት ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። እኔም እንዲሠራልኝ ጠይቄዋለሁ፣ ወረፋ ያዝ ብሎኛል።

እኔ በጣም የምወደው ግን «የተሻሻሉ» የሚለውን ክፍል ነው። ሐሳቡ የልጆቹ ነው። ሒሳብ ላይ ከ20 6 ያገኘች ልጅ በሚቀጥለው ፈተና 13 ካመጣች ስሟ ይነበባል፤ ሁሌ 19 የሚያመጣው ልጅ ግን 19 ስላመጣ ብቻ አይነበብም። አንዳንድ ወላጆች ተቆጥተው ነበር፣ የእኔ ልጅ አንደኛ ወጥቶ እንዴት አይጠራም ብለው። ልጆቹ ግን አልተበገሩም። ደረጃ ለሚወጣ ልጅ በሴሚስተሩ መጨረሻ ሽልማትም ሰርተፊኬትም አለው፣ ለሌላው ማን አለው አሉ። እውነታቸውን ነው። በእኛ ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ለወጣ ብቻ ነበር የሚጨበጨበው፤ ከአራተኛ ጀምሮ ያለነው እያጨበጨብን ተመረቅን።

ሌላም ሕግ አላቸው። የአርፋጅ፣ የወደቀ፣ ዩኒፎርም ያልለበሰ ልጅ ስም አይነበብም። አንዴ ዩኒት ሊደሩ የአርፋጆችን ዝርዝር ይዘው መጥተው አንብቡልኝ ቢሏቸው «ቲቸር፣ ይሄ እኮ ዜና አይደለም» ብለው መልሰውላቸዋል። ይህን እየሳቁ የነገሩኝ ዩኒት ሊደሩ ራሳቸው ናቸው።

ማትሪክን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። እየተሻሻለ ነው፣ ደስ ይላል። ግን ቁጥሩን ገልብጣችሁ እዩት፤ ከመቶ ልጆች ከዘጠና በላይ የሚሆኑት አሥራ ሁለት ዓመት ተምረው መጨረሻ ላይ የሚሰሙት አላለፋችሁም የሚለውን ነው። ሞንታርቦ ማትሪክ ያሳልፋል አልልም፣ እንዲህ የሚላችሁ ካለም አትስሙት። እኔ የምለው፣ ልጁ በነዚያ ሁሉ ዓመታት ውስጥ አንድ ቀን የሆነ ነገር ሠርቶ ስሙ ከነአባቱ በትምህርት ቤቱ ሁሉ ፊት ቢጠራ ምን አለበት? ነው። እሱን ደግሞ የግድ ሚኒስቴሩ መጥቶ እስኪያደርግልን የምንጠብቅበት ምክንያት የለም።

ከተማችን ስንት ተፈናቃይ እንዳስጠጋች ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከመጠለያ የሚመጡ ልጆች አሉን፣ ትምህርታቸው ተቋርጦ የቆየ፣ አጠገባቸው የተቀመጠው እንኳ ስማቸውን የማያውቅ። ከእነሱ አንዷ አምና በትምህርት ቤቱ የ1,500 ሜትር ውድድር አንደኛ ወጣች። ያኔ አምፕሊፋየሩ ደኅና ነበር። የክበቡ ልጆች ጌጤ ዋሚም ከዚሁ ከእኛ አካባቢ ተነስታ በ1993 ዓ.ም. ሲድኒ ኦሎምፒክ ላይ በ10,000 ሜትር ብር፣ በ5,000 ሜትር ነሐስ እንዳመጣች ጠቅሰው ከልጅቷ ስም ጋር አያይዘው አነበቡት። ማጋነን ነው? ነው። ግን ከዚያ ሳምንት በኋላ ልጅቷን የማያውቃት ጠፋ፤ ከሻይ ቤት እስከ ቤተ መጻሕፍት «ሯጯ» እየተባለች ነው የምትሄደው። እንዲህ ያለው ነገር በቴሌግራም አይመጣም። ቻናል አለን፣ ግን ስልክ የሌለው ልጅ ብዙ ነው፣ ያለውም ካርድ ሲኖረው ነው የሚያየው።

ሁለተኛው ዕቅዳችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ነው። ግቢ ውስጥ አይደለም፣ ውጭ፣ በሩ ላይ። ይህን ያመጣው የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነው፣ እኔ ደግሞ ከኮሚቴው ሐሳብ ሁሉ የእሱ ይበልጥብኛል።

ከገጠር የሚመጡት ልጆች ኑሮ ለብዙዎቻችሁ አዲስ አይደለም፣ ራሳችሁ የኖራችሁት ነው። ሦስት አራት ሆነው አንድ ክፍል ተከራይተው፣ ቅዳሜና እሁድ ስንቅ ሊያመጡ በእግራቸው እየተመላለሱ ነው የሚማሩት። እናትና አባታቸው ስለ ትምህርታቸው የሚያውቁት ካርድ ሲወጣ ነው፣ እሱም የሚያነብላቸው ከተገኘ፤ የሚያነብላቸው ደግሞ ብዙ ጊዜ ራሱ ልጁ ስለሆነ ምን ብሎ እንደሚያነብ እግዜር ይወቅ። ለገበያ ሲመጡ ግን ብዙዎቹ የሚያልፉት በትምህርት ቤቱ በር ነው። ዘበኛውን «ልጄ ይመጣል ወይ?» እያሉ ይጠይቁታል። እሱ ሁሉን ልጅ ከየት ያውቃል! አምና ልጆቹ የሳምንቱን ዜና ወረቀት በሩ ላይ በፕላስተር ለጠፉት፣ ዘበኛውም ለጠየቀው ሁሉ ያነብ ጀመር። አንዲት እናት የልጃቸውን ስም ሲሰሙ «እስቲ እንደገና በለው» አሉት። ደገመላቸው። ሦስተኛም አስደገሙት። የያዙትን ቅርጫት መሬት አስቀምጠው፣ ስሙ የትኛው ጋ እንደተጻፈ በጣቱ እንዲያሳያቸው ጠየቁት፣ አሳያቸው፣ ቆመው አዩት። በማግስቱ ዝናብ መጣና ወረቀቱ ሟሟ።

ስለዚህ ቆርቆሮ ክዳን ያለው፣ በመስታወት የሚዘጋ፣ ቁልፍ ያለው ሰሌዳ እንፈልጋለን። ብረት በያጅ ከሆናችሁ፣ ወይም ወርክሾፕ ያለው ወንድም ካላችሁ፣ ከብሩ ይልቅ ሥራችሁን ስጡን። የቀድሞ ተማሪ የሆነ አንድ አናጺ ማቆሚያውን በነፃ እሠራለሁ ብሎናል፤ መስታወቱና ብረቱ ነው የቀረው።

ሦስተኛው ኮምፒውተር ነው። ከ2016 ጀምሮ ማትሪክ ከፊሉ በኮምፒውተር እየተሰጠ ነው። ማውስ ይዞ የማያውቅ ልጅ እዚያ ሲቀመጥ ሰዓቱ የሚያልቅበት ጥያቄውን ሲያስብ አይደለም፣ ቀስቷን ሲያሳድድ ነው። የአይሲቲ ክፍል አለን፣ ግን የሚሠራው ኮምፒውተር ከተማሪው ጋር አይመጣጠንም። ሦስት ያገለገሉ ላፕቶፖች ብናገኝ ዜናው በእጅ መጻፉ ቀርቶ በፓወር ግዕዝ ይተየባል፤ በየሳምንቱም ሌሎች ልጆች እየተተኩ ስለሚጽፉ ብዙ ልጅ ኪቦርድ ይነካል። የክበቡ ሰብሳቢ፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት፣ ተራው በስም ዝርዝር እንጂ በጓደኝነት እንዳይሆን ከአሁኑ ደንብ ጽፋ ለርዕሰ መምህሩ አስገብታለች። ፊርማ ሁሉ አለው።

በአጠቃላይ የሚያስፈልገን አንድ አምፕሊፋየር፣ ሁለት ሞንታርቦ፣ ሁለት ባለ ሽቦ ማይክ (ገመድ አልባው ባትሪ ይበላል፣ ባትሪ ማን ይገዛል?)፣ ሦስት ላፕቶፕ፣ አንድ ጥቁርና ነጭ ፕሪንተር፣ ለዓመት የሚሆን ወረቀትና ቶነር፣ ሰሌዳው፣ እና ስታቢላይዘር ነው። ስታቢላይዘሩን የማትረባ ነገር እንዳታስመስሏት፤ እሷ ባለመኖሯ ነው ያለንን ያጣነው። ዕቃው የሚቀመጥበት ነገር አናስገዛችሁም። የፕላዝማ ትምህርት ትዝ ይላችኋል? በ1990ዎቹ መጨረሻ የመጣው፣ በእንግሊዝኛ እየሮጠ ጥሎን የሚሄደው። ቴሌቪዥኖቹ ሞተዋል፣ የብረት ሳጥኖቻቸው ግን ከነቁልፋቸው ግድግዳ ላይ አሉ። ከዚያ የተሻለ ካዝና የለም።

የብር መጠን ያልጻፍኩት ረስቼ አይደለም። ከሦስት ቦታ ፕሮፎርማ ሰብስበናል፣ ግን በሐምሌ 2016 የምንዛሪው ነገር ከተለወጠ ወዲህ የኤሌክትሮኒክስ ዋጋ አንድ ቦታ አይቆምም፤ ዛሬ የጻፍኩት በሚቀጥለው ወር ውሸት ይሆናል። ፕሮፎርማዎቹ በየባቹ ተወካዮች እጅ አሉ፣ ጠይቃችሁ እዩአቸው። ውድ መስሎ የታያችሁ ካለ፣ ረከስ ያለ ሱቅ ጠቁሙን፣ እናመሰግናለን።

መዋጮ እንደሰለቻችሁ ደግሞ አውቃለሁ። ለአጥር ተባለ፣ ለወንበር ተባለ፣ ትምህርት ለትውልድ ሲባልም ከቻለው ሁሉ ተሰብስቧል። ሰው የሚሰለቸው ግን የሚመስለኝ መስጠቱን ሳይሆን የሰጠው የት እንደገባ አለማወቁን ነው። ስለዚህ እንዲህ ተስማምተናል፦ ገንዘቡ የሚገባው በትምህርት ቤቱ ስም ወዳለው የባንክ ሒሳብ ብቻ ነው። ሦስት ፈራሚ አለው፤ ርዕሰ መምህሩ፣ ከወላጅ መምህር ኅብረት አንድ ወላጅ፣ ከቀድሞ ተማሪዎች አንድ ሰው። የገባውና የወጣው እንደ እድር ሒሳብ ዓርብ ዓርብ ከዜናው ጋር ይነበባል፣ ሰሌዳው ላይም ይለጠፋል። ስሜ አይጠራ የሚል «አንድ የቀድሞ ተማሪ» ይባላል። በማንም ግለሰብ ስልክ በቴሌብር እንዳትልኩ፣ በእኔም ቢሆን። የሒሳብ ቁጥሩን ከትምህርት ቤቱ ፋይናንስ ክፍል ወይም ከባቻችሁ ተወካይ ውሰዱ፣ ስትልኩ ምክንያቱ ላይ «ሚኒ ሚዲያ» በሉ፣ ደረሰኝ ጠይቁ።

አረብ አገር ያላችሁ እህቶቻችን፣ ይህን ጥሪ ለእናንተ ስንልክ ትንሽ ተሸማቀናል። ቤተሰብ የሚጠብቀው ከእናንተ እንደሆነ እናውቃለን። ከእናንተ የምንፈልገው ለሌሎቹ እንድታጋሩት ነው፤ ከዚያ ያለፈ ካደረጋችሁ ምርቃቱ ከእኛ። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ግን፣ ይቅርታ፣ እናንተን አንለቅም። መሥሪያ ቤታችሁ ላፕቶፕ ሲቀይር አሮጌውን የት እንደሚጥለው ጠይቁልን። ወደ አገር ቤት የሚመጣ ሰው ሻንጣ ውስጥ አንዲት ብትገባ ለእኛ ብዙ ናት።

ደብረ ብርሃን ያላችሁ ወላጆች፣ ገንዘብ ባይኖራችሁ አንድ ደስጣ ወረቀትም ዕቃ ነው፣ ቢሮ ድረስ ይዛችሁ ኑ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሆናችሁ ደግሞ የግማሽ ቀን ሥራ አለላችሁ፦ ከርዕሰ መምህሩ ቢሮ እስከ ሰንደቅ ዓላማው ድረስ ያለው መስመር ይታይልን፣ አዲሱም እንዳይቃጠልብን።

ሐሳባችን የሁለተኛው ሴሚስተር የመጀመሪያው ዓርብ ላይ ዜናውን በአዲሱ ድምፅ ማንበብ ነው። ገንዘቡ ባይሞላ እንኳ አምፕሊፋየሩና ስታቢላይዘሩ ቅድሚያ ይገዛሉ፣ ከዚያ ሰሌዳው፣ ፕሪንተሩ መጨረሻ። ላፕቶፕ የምትልኩ ሰዎች ደግሞ አደራ፣ ቻርጀሩን አትርሱ። ያለ ቻርጀር የመጡ ሁለት አሉን፣ እስካሁን የሚገጥማቸው አልተገኘም።