ሐዘን የያዘው ልጅ ይንቀሳቀስ

ውድ አዘጋጅ፣

የእህቴ ልጅ አባቱን ካጣ ወዲህ ድምፁ ጠፍቶ ነበር። እዚህ ሐዋሳ ጎረቤታችን ኤክስቦክስ የሚባል የቪዲዮ ጌም ማጫወቻ አለው። ኪኔክት የተባለው፣ በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው ካሜራ ተገጥሞለታል። ጆይስቲክ አያስፈልግም፤ የሰውነትን እንቅስቃሴ ራሱ ያነባል።

ልጁ መጀመሪያ የቦክስ ጌሙ ፊት እጁን ኪሱ ከቶ ቆመ። ከዚያ አንድ ቦክስ ሰነዘረ። ደገመ። ላቡ በግንባሩ ሲወርድ ድንገት ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ለቅሶ ቤት እንኳ እንባ ያልወጣው ልጅ! ማታ እራቱን ጥርግ አድርጎ በላ፤ ስለ አባቱም አወራኝ።

የባለሙያን እርዳታ ይተካል አልልም። ግን የወጣት ማዕከሎቻችን ከፑል ጠረጴዛው ጎን እንዲህ ያለ ጌም ቢያስገቡ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያም በሳምንት አንድ ቀን ቢገኝላቸው ምን አለበት?

አንባቢያችሁ፣ ከሐዋሳ