ጤና አዳም በሐምሌ አይተከል

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ክረምት በመጣ ቁጥር ጋዜጣችሁ ስለ ችግኝ ተከላ በስፋት ይዘግባል፤ ይህም የሚያስመሰግናችሁ ነው። ሆኖም በ2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ «ተክል ማለት ዝናቡ ሲበረታ፣ በሐምሌ የሚተከል ነው» የሚለው ልማድ በጎንደር ነዋሪ ዘንድ ሥር ሰዷል። ለዛፍ ምክሩ ትክክል ነው። ለጤና አዳም ግን በሐምሌ መተከል ማለት አብዛኛውን ጊዜ መበስበስ ማለት ነው፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁም የጓሮ አትክልት ዓምዳችሁ መስከረም ሳይጠባ ይህን ጉዳይ እንዲያነሣው ለመጠየቅ ነው።

ጤና አዳም ከሎሚና ከብርቱካን ጋር በአንድ ቤተሰብ የሚመደብ፣ ከአንድ ዓመት በላይ የሚኖር ተክል ሲሆን ጥንተ መገኛው የሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ነው። እዚያ የሚበቅለው ፀሐይ በሚያገኘው፣ ድንጋይ በበዛበትና ውሃ በማይቋጥር መሬት ላይ ነው። ድርቅን ይችላል፤ ሥሩ ውሃ ውስጥ ሲውል ሲያድር ግን አይችልም። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት የጎንደር አየር ይስማማዋል፣ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለውም ፀሐይ እንዲሁ፤ የሚፈተነው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ጓሮው ዋልካ አፈር ከሆነማ ፈተናው ይብሳል። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ሲጠወልግ ብዙ ሰው የጠማው መስሎት ውሃ ይጨምርለታል፤ በክረምት እንዲህ ያለ ተክል ግን አብዛኛውን ጊዜ ሥሩ የታፈነ ነው።

ስለዚህ ዋናው ሥራ ቦታ መምረጥ ነው። ጓሮው ዋልካ ከሆነ አሸዋና ጠጠር የተቀላቀለበት ከፍ ያለ መደብ መሥራት፣ የጋራ መኖሪያ ቤት ለሚኖር ደግሞ ከሥሩ የተበሳሳ የዘይት ጀሪካን ወይም አሮጌ የሸክላ ዕቃ ፀሐይ በሚያገኘው በረንዳ ላይ ማኖር ይበቃል። ፍግ ሲበዛበት ቅጠሉ ይለመልማል እንጂ ሽታው ይደክማል፤ በዓመት አንድ ጊዜ ጥቂት ብስባሽ ከተጨመረለት ሌላ አያስፈልገውም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባት ከተማችን፣ አፈሩ ከላይ እስኪደርቅ ድረስ ታግሦ ውሃ የሚጠብቅ ተክል መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም።

ማባዣው ከዘርም ከቁራጭም ነው፤ እኔ ግን ቁራጩን እመርጣለሁ። በመስከረም ዝናቡ ሲቀንስ፣ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር የሚሆን፣ ገና ያልደረቀ ነገር ግን ጠንከር ያለ ቅርንጫፍ ተቆርጦ የታችኛው ቅጠሉ ይራገፋል፤ ከዚያም አሸዋ በበዛበት አፈር ውስጥ ተሰክቶ ከጠራራ ፀሐይ ይጠለላል። አፈሩ እርጥበት ይኑረው እንጂ አይጨቅይ፤ ብዙውን ጊዜ በአንድ ወር ወይም በአንድ ወር ተኩል ውስጥ ሥር ያወጣል። ወደ መደቡ ሲዛወር በተክሎቹ መካከል ግማሽ ሜትር ያህል ይተውለት፤ ነፋስ ካላገኘ በሚቀጥለው ክረምት ይሻግታልና።

ትንንሾቹ ቢጫ አበቦች ጠርዛቸው እንደ ነጠላ ዘርፍ የተበጣጠሰ ነው፤ እኔ እንደ እነርሱ ያለ አበባ በጓሮ አላውቅም። አበባው ካለፈ በኋላ ፍሬው ደርቆ ለበርበሬ ይለቀማል፤ ከዚያም የለመለመውን ክፍል አንድ ሦስተኛ ያህል መከርከም ያድሰዋል። እስከ ደረቀው ግንድ ድረስ ከተቆረጠ ግን ላያቆጠቁጥ ይችላል። ለቡና ሲቀጠፍም ጎረቤት ሁሉ ከአንድ እግር ላይ እየነጨ መላጣውን ከሚያስቀረው፣ ከየቅርንጫፉ ጫፍ ጥቂት ጥቂት መውሰድ ተክሉን ያበዛዋል። ቅጠሉ ላይ የወፍ ኩስ የሚመስል ትል የሚያይ ሰው ደግሞ መርዝ ለመርጨት አይቸኩል። ይህ የአንድ ትልቅ ቢራቢሮ ልጅ ነው፤ የሎሚንም ቅጠል ስለሚበላ በእጅ ለቅሞ ወደ ሎሚ ዛፍ ማዛወር ይቻላል። የምንበላውና የምንጠጣው ቅጠል ላይ የፀረ ተባይ ኬሚካል መርጨትን በበኩሌ ፈጽሞ አልደግፍም።

ከሁሉ በላይ ግን ሊነገር ሲገባው የማይነገር ነገር አለ። የጤና አዳም ጭማቂ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲመታው ያቃጥላል። ቃጠሎው ወዲያው አይታይም፤ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ቆዳው ይቀላል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ሲድንም ለወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክት ሊተው ይችላል። ምክንያቱ ፉራኖኩማሪን የተባሉት በተክሉ ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች ናቸው። ስለዚህ የሚከረከመው ወደ ማታ፣ እጅጌና ጓንት ለብሶ ይሁን፤ ጭማቂው የነካው ቆዳም በሳሙና ይታጠብ። ሕፃናት በቀትር ቅጠሉን እየጨመቁ እንዳይጫወቱበት መከልከልም የወላጅ ድርሻ ነው። ማኅፀንን ሊያኮማትር ስለሚችልም ነፍሰ ጡር ሴት ወቅጦ ወይም አፍልቶ መጠጣቱን መተው አለባት። ቡና ላይ ጣል የምትደረገው ቅንጣቢና ለሆድ ቁርጠት ተብሎ በብርጭቆ የሚጠጣው ጭማቂ አንድ አይደሉም፤ ለጨቅላ ሕፃን መስጠትማ ጨርሶ ሊቀር ይገባል።

ክቡራን አዘጋጆች፣ በከተማችን ያሉ ችግኝ ጣቢያዎች ከጽዱና ከወይራው ጎን የጤና አዳም ችግኝ በነሐሴ ከዝናብ በተጠለለ መደብ አዘጋጅተው በመስከረም ቢያከፋፍሉ ወጪው እጅግ ትንሽ ነው። እናንተም የአተካከሉንና የጥንቃቄውን ነገር አንድ ላይ ብታትሙ፣ ስለ ጥንቃቄውም በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያሉ የሕክምና ባለሙያዎች በዚያው ዓምድ እንዲጽፉ ብትጋብዙ፣ ችግኙን የሚወስድ ሰው ምክሩንም ይዞ ይሄዳል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢያችሁ፣ ጎንደር