ዲስኩ ሞተ፣ ኮዱ ግን እናንተ ጋ ነበር

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ፕሮጀክቴን ባለፈው ሐሙስ ደብረ ማርቆስ ላይ አቀረብኩ፤ አለፍኩ! ለእያንዳንዳችሁ ደውዬ ላመሰግን ጀምሬ ነበር። ግን መጀመሪያ የደወልኩት እማዬ ጋ ስለነበር ሁለታችንም ስናለቅስ ካርዱ አለቀ። ስለዚህ ልጻፈው። ቢረዝምም ታገሡኝ፣ የማመሰግነው ሰው ብዙ ነው።

መጀመሪያ ምን እንደሠራሁ ልንገራችሁ፤ ግማሾቻችሁ የረዳችሁኝ ነገሩ ምን እንደሆነ እንኳ ሳትጠይቁኝ ነውና። ኒዮቪም የሚባል የኮድ መጻፊያ ኤዲተር አለ። እኔ ለሱ ፕለጊን፣ ማለትም ኤዲተሩ ላይ ተጨምሮ አዲስ ሥራ የሚያሠራው ትንሽ ፕሮግራም፣ ሠራሁ። ፕለጊኑ ሲነሳ ኤዲተሩ ውስጥ ትንሽ ሰርቨር (ከሌላ መሣሪያ ለሚመጣ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ፕሮግራም) ይከፍታል፤ ከዚያ ስልካችሁ ላይ ብራውዘር ከፍታችሁ የላፕቶፑን አድራሻ ስትጽፉ ላፕቶፑ ላይ ያለው ኮድ እጃችሁ ላይ ይመጣል። መስመሩን ነክታችሁ ትጽፋላችሁ፣ ፋይል ትቀይራላችሁ፣ ፕሮግራሙን ታስነሳላችሁ፤ ላፕቶፑ ይታዘዛል። ኢንተርኔትም አያስፈልገውም። የአንድ ሰው ስልክ ሆትስፖት ከከፈተ በቂ ነው፤ ዳታ ባይኖርም ስልኩና ላፕቶፑ እርስ በርስ ይነጋገራሉ።

ሐሳቡ የመጣው ከዶርማችን ነው። አራት ሴቶች፣ አንድ ላፕቶፕ። አንዷ ስትጽፍ ሦስቱ ከትከሻዋ ኋላ ቆመን እናያለን፣ ማየት ደግሞ ኮድ አያስተምርም። ስልክ ግን ሁላችንም ነበረን።

ሥራው ቀላል አልነበረም። ብራውዘርና ሰርቨር ሳይቋረጡ የሚነጋገሩት ዌብሶኬት በሚባል መንገድ ነው። ብራውዘሩ መጀመሪያ አንድ ቁልፍ ይልካል፤ ሰርቨሩ ቁልፉን ከታወቀ ጽሑፍ ጋር አጣብቆ ሻ-1 በሚባል ስሌት አሳልፎ ካልመለሰለት ግንኙነቱ አይከፈትም። ኒዮቪም ውስጥ ሻ-256 የሚባል ተቀራራቢ ስሌት ነበረ፣ ሻ-1 ግን አላገኘሁም፤ እሱን በሉዋ ቋንቋ ራሴ ጻፍኩት፣ አራት ቀን ፈጀብኝ። ከዚያ ደግሞ ከስልክ የመጣ ትእዛዝ ኤዲተሩን ሲነካው ስህተት እያወጣ እምቢ አለኝ። ለካስ ከኔትወርክ የመጣ ነገር ዘሎ አይገባም፤ ወፍጮ ቤት እንደሚጠበቀው ተራ መጠበቅ አለበት። ይህን ያገኘሁት ኤዲተሩ ውስጥ ካለው መመሪያ ነው። ዳታ ጠፍቶ በነበረባቸው ሳምንታት መምህሬ ያ መመሪያ ነበር፤ ላፕቶፑ ውስጥ ስላለ መብራት ካለ ይነበባል።

ከሁሉም ያስቸገረኝ ግን የራሳችን ፊደል ነው። ኮዳችን ውስጥ ማስታወሻ የምንጽፈው በአማርኛ ነበር። ስልክ ላይ «ሰላም» የሚለው ቃል መጨረሻ ላይ ስንነካ ላፕቶፑ ላይ ከርሰሩ (የምንጽፍበትን ቦታ የሚያሳየው ምልክት) «ሰ» አጠገብ ይቆማል። አንዳንዴም ፊደል መሐል ገብቶ ይሰነጥቀዋል። ምክንያቱ ሲገባኝ ከአልጋዬ ዘልዬ ተነሳሁ። ኒዮቪም ቦታ የሚቆጥረው በባይት፣ ኮምፒውተር ጽሑፍ በሚያስቀምጥበት ትንሽ መለኪያ፣ ነው፤ አንድ የግእዝ ፊደል ደግሞ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል አቀማመጥ 3 ባይት ይይዛል። ብራውዘሩ ያንኑ ፊደል እንደ 1 ይቆጥረዋል። ስለዚህ ለብራውዘሩ 3 የሆነችው «ሰላም» ለኤዲተሩ 9 ናት። በእንግሊዝኛ ብቻ ብንጽፍ ኖሮ ይህ ባግ (የፕሮግራም ስህተት) ፈጽሞ አይታይም ነበር። ያን ሌሊት ለዶርም ጓደኞቼ በደብተር ላይ እየሣልኩ አስረዳኋቸው። ይህን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ማቅረቢያዬ 11 ቀን ሲቀረው ላፕቶፔ ቋ ቋ የሚል ድምፅ አሰማና ቀጥ አለ። ሃርድ ዲስኩ ነበር።

የጥገና ሱቁ ወንድሜ፣ አንተን ልጥራ። ሁለት ቀን ሙሉ ታገልክ። በመጨረሻ «እህቴ፣ ልዋሽሽ አልፈልግም፣ አይነሳም» አልከኝ። ስለ ድካምህ ስከፍልህ እምቢ ብለህ፣ ያገለገለ ዲስክ በገዛህበት ዋጋ ገጠምክልኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

እማዬ፣ የዲስኩ ገንዘብ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ለክረምት ያስቀመጥሽውን ጤፍ ነው ብቸና ገበያ ያወጣሽው። ስጠይቅሽ «ጤፍ ይበቅላል፣ አንቺ ጨርሺ» ብለሽ ስልኩን ዘጋሽው።

ዲስኩ ተገጠመ፤ ባዶ ነበር። የሦስት ወር ሥራ የለም። ያኔ ነው እህትዓለሜ፣ የሞጣዋ፣ ትዝ ያልሽኝ። ለዕረፍት ወደ ቤት ስትሄጂ «እኔም ልሞክረው» ብለሽ ኮዱን ጊት በሚባል የኮድ ለውጥ መዝጋቢ ወደ ፍላሽሽ ወስደሽ ነበር። ጊት ደግሞ ሲገለበጥ የመጨረሻውን ፋይል ብቻ ሳይሆን ታሪኩን ሁሉ፣ እያንዳንዷን ለውጥ ይዞ ይሄዳል። ስደውልልሽ አልጠየቅሽኝም፣ አልዘገየሽም፤ በማግስቱ ንጋት መናኸሪያ ወርደሽ ፍላሿን በወረቀት ጠቅልለሽ ለመኪናው ረዳት ሰጠሽልኝ። ማታ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ዝናብ ላይ ቆሜ ስጠብቅ፣ ረዳቱ ከደረት ኪሱ አውጥቶ «የተማሪዋ ዕቃ ያንቺ ነው?» አለኝ። ገንዘብ ስሰጠው አልተቀበለም።

ከፍላሿ ያገኘሁት አንቺ እስከሄድሽበት ቀን ያለውን ነው። ከዚያ በኋላ የሠራሁት፣ የፊደሉን ባግ ያስተካከልኩበትም ጭምር፣ ጠፍቷል። እኔ ደግሞ እንቅልፍ ካጣሁ ስለቆየሁ ጭንቅላቴ አልሠራ አለ። ስክሪኑን እያየሁ ተቀመጥኩ፣ ምን ጽፌ እንደነበር አንድ መስመር አልመጣልኝም። ይሄኔ የቡሬዋ ጓደኛዬ፣ ከሦስት ወር በፊት ኮድ ጽፋ የማታውቀው፣ ደብተሯን ይዛ አልጋዬ ላይ ተቀመጠች። «ሰላም ለብራውዘሩ 3 ነው፣ ለኤዲተሩ 9 ነው ብለሽን ነበር እኮ» አለችና ያን ሌሊት የሣልኩትን መልሳ ሣለችልኝ። ከዚያ ስልኳን አነሳች፣ በብራውዘር ገባችና መጻፍ ጀመረች። ላፕቶፑ እኔ ጭን ላይ ነው፣ መስመሮቹ ግን ከሷ ስልክ ይመጣሉ። ፕለጊኑን ለዚህ ነበር የሠራሁት፤ እንዲህ ይሆናል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ «ሰላም» መጨረሻ ላይ ነካች፣ ከርሰሩ ትክክለኛው ቦታ ቆመ። ጮኸን ፎቁን ቀሰቀስን። ለተቀሰቀሳችሁም ይቅርታና ምስጋና።

አማካሪ መምህሬ፣ እርስዎን ሳላነሳ አላልፍም። መጀመሪያ ሳሳይዎ «ልጄ፣ በዚህ ሆትስፖት የገባ ሁሉ ላፕቶፕሽን ያዝዛል ማለት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አዎ ነበር መልሱ። ደንግጬ ሄጄ መግቢያ ቁጥር ጨመርኩበት፤ ቁጥሩ ላፕቶፑ ላይ ይወጣል፣ እሱን ያልጻፈ ስልክ አይገባም። ሐሙስ ዕለት ፈታኞቹ መጀመሪያ የጠየቁኝ ይህንኑ ነበር። ቀድመው ስላስጨነቁኝ አመሰግናለሁ።

የፎቶ ኮፒ ቤቱ ጋሼ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ጄኔሬተርዎ አጠገብ ወንበር ለቀቁልኝ። ደንበኛ ቆሞ እኔን «ተቀመጪ» ብለውኛል። የጽሑፌን ኮፒ ሲያትሙልኝም የወረቀቱን ብቻ ነው የተቀበሉኝ።

በአካል የማላገኘው ሰውም አለ። ኒዮቪም በ2014 እ.ኤ.አ. ቪም ከሚባለው ኤዲተር ተገንጥሎ የወጣ ነው፤ ቪምን ደግሞ ሆላንዳዊው ብራም ሙሌናር በ1991 አውጥቶ በነፃ ሰጥቶናል። በምትኩ የጠየቀው፣ ከወደዳችሁት ኡጋንዳ ላሉ ችግረኛ ልጆች እርዱ የሚል ነበር። በ2023 አረፈ። ነፍሱን ይማር። ሥራ ስይዝ ከመጀመሪያ ደሞዜ ለነዚያ ልጆች እልካለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ፣ እዚህ የጻፍኩት እናንተም እንድታስታውሱኝ ነው።

ፕለጊኑን የሚፈልግ ተማሪ ፍላሽ ይዞ ይምጣ፣ ከነታሪኩ እገለብጥለታለሁ። እኔ ጋ ብቻ እንዲቀመጥ ከእንግዲህ አልፈልግም።

አንድ ሰው ቀረኝ። የሞጣው መኪና ረዳት፣ ስምህን ሳልጠይቅ ሄድክ። ሦስት ጊዜ መናኸሪያ መጥቼ አጣሁህ። በዚያ መስመር የምትመላለሱ ይህን ካያችሁ ንገሩልኝ፤ እማዬ ድፎ ዳቦ ልካልሃለች፣ ቅዳሜ ማታ መኪናህ በሚገባበት ሰዓት በሩ ላይ ቆሜ እጠብቅሃለሁ።