ለተረከዝ ሕመም ከመርፌ በፊት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ የመጀመሪያዋ እርምጃ ተረከዛቸውን ክፉኛ የምትወጋቸው ብዙ ሰዎች ራጅ ይነሱና «አጥንት በቅሎ ነው» ይባላሉ። ያ ትርፍ አጥንት ምንም ሕመም በሌላቸው ሰዎችም ይታያል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያመው ከተረከዝ እስከ ጣቶች ሥር የተዘረጋው የውስጥ እግር ጅማት ነው።

ይህን ጅማት ማሳሳብ ያለብን ገና ከመቆማችን በፊት ነው። አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ የታመመውን እግር በሌላኛው ጉልበት ላይ ማድረግ፣ ከዚያ ጣቶቹን ከሥራቸው ይዞ ወደ ቅልጥም መሳብ። በሌላ እጅ ውስጥ እግሩን ሲዳብሱት ጅማቱ እንደ ገመድ ከተገተረ አያያዙ ልክ ነው። 10 ሰከንድ ይዞ መልቀቅ፤ 10 ጊዜ መደጋገም፤ ይህንኑ በቀን 3 ጊዜ። ብዙዎች ጣቶቹን ትተው ቁርጭምጭሚቱን ብቻ ስለሚያጥፉ ባታቸውን ስበው ይነሳሉ፤ «ሞክሬው አልሠራም» የሚባለውም አንዳንዴ በዚህ ነው።

ጅማቱን የማጠናከሪያው እንቅስቃሴ ደግሞ ቀስ ይላል። ጣቶችን በተጠቀለለ ፎጣ ላይ አድርጎ ደረጃ ጠርዝ ላይ መቆም፣ ተረከዝን በ3 ሰከንድ ማንሳት፣ 2 ሰከንድ መቆየት፣ በ3 ሰከንድ ማውረድ፤ ቀን እየዘለሉ። ለውጡ የሚታየው በወራት ስለሆነ በሁለተኛው ሳምንት ተስፋ መቁረጥ አያስፈልግም።

የስቴሮይድ (ብግነት የሚቀንስ መድኃኒት) መርፌ ለሳምንታት ያስታግሳል፤ ሲደጋገም ግን ጅማቱን ሊበጥስ፣ የተረከዙንም ስብ ሊያሳሳ ስለሚችል መጀመሪያ የሚታዘዝ መሆን የለበትም።

መደንዘዝ፣ እብጠት፣ ትኩሳት ወይም ሌሊት ተኝቶም የማይለቅ ሕመም ካለ፣ እንዲሁም የስኳር ሕመምተኛ ከሆኑ፣ ሐኪም ሳያዩ ምንም አይጀምሩ።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች