የቄሶቻችን ዜማና በየቤቱ ያሉ ኦሪቶች ሳይጠፉ እንዲቆዩ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የቤተ እስራኤል ልጆች፣ በእስራኤልም በኢትዮጵያም በሌላ አገርም የምትኖሩ ወገኖቻችንና ወዳጆቻችን፤

ባለፈው ክረምት ከኮሚቴያችን ሦስት ሰዎች ረሖቮት ከተማ ወደሚኖሩ አንዲት እናት ቤት ሄደን ነበር። ቡናው እንደተጠጣ እኚህ እናት ወደ መኝታ ክፍላቸው ገብተው፣ ከቁም ሣጥኑ ውስጥ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። አባታቸው ከወገራ ተነሥተው ሱዳን እስኪደርሱ ከጀርባቸው ያላወረዱት ኦሪት ነበር። ብራናው እስካሁን ጢስ ጢስ ይሸታል። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ጥቂት መስመሮች በስለት ተፍቀው፣ በላያቸው በሌላ እጅ «ይትባረክ እግዚአብሔር አምላከ እስራኤል» የሚል ቃል ሰፍሯል። አባቶቻችን ከክርስቲያን ጸሓፍት እጅ መጽሐፍ ሲያገኙ፣ ከእምነታቸው ጋር የማይስማማውን ቃል ፍቀው በራሳቸው ምስጋና ይተኩት ነበር፤ በዚያ ቤት ያየነውም ይህንኑ ነው። እናታችን ገጹን በጣታቸው እየዳሰሱ «ከእኔ በኋላ ማን ያነበዋል?» ሲሉ ጠየቁን። የምንመልሰው አጣን።

ይህ ጥሪ ከዚያ ጥያቄ የተነሣ ነው። በአረጋውያን ቄሶቻችን አንደበት ያለውን ጸሎት በድምፅና በምስል ልንቀርጽ፣ በየቤቱ ያሉትን ኦሪቶችና የጸሎት መጻሕፍት ፎቶ ልናነሣ፣ በሱዳን መንገድ ያለፉ ሽማግሌዎችንና እናቶችን ምስክርነት ልንመዘግብ ተነሥተናል።

ከሦስቱ ሥራዎች እኛ የምናስቀድመው የቄሶቹን ድምፅ ነው፤ ምክንያቱም ብራና በአግባቡ ከተያዘ ብዙ ዘመን ይቆያል፣ ዜማው ግን ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። ጸሎታችን በግዕዝ የሚደርስ ሲሆን፣ በመካከሉ አባቶቻችን ቀድሞ ይናገሩት ከነበረው አገውኛ የቀሩ ቃላት ይገኙበታል። ዜማው በምልክት የተጻፈ አይደለም። ደቀ መዝሙሩ ከመምህሩ ጎን ቆሞ፣ ዓመታት ሰምቶና ተከትሎ ነው የሚይዘው። ወጉን የጀመሩት በ15ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩት አባ ሳብራና ተከታዮቻቸው መነኮሳት እንደሆኑ ከአባቶቻችን ሰምተናል። ከዓመታት በፊት የሙዚቃ ምሁራን የቀረጹት እንዳለ እናውቃለን፣ ምስጋናም ይገባቸዋል። የእኛ ፍላጎት ግን በጎንደር አካባቢ፣ በስሜንና በትግራይ ያደጉ ቄሶች እያንዳንዳቸው በተማሩበት መንገድ የሰንበቱን፣ የኃጢአት ማስተስረያ ቀን የሆነውን የአስተስርዮውንና በየዓመቱ ተራራ ተወጥቶ የሚሰገድበትን የስግዱን ጸሎት እንዲሰጡንና የልጅ ልጆቻቸው በስልካቸው ከፍተው እንዲሰሙት ነው።

የምስክርነቱ ሥራም ጊዜ አይሰጥም። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በተካሄደው የሙሴ ዘመቻ 8,000 ያህል ወገኖቻችን ከሱዳን ወደ እስራኤል ሲሻገሩ፣ በመንገድና በስደተኞች ካምፕ የሞቱት 4,000 ገደማ እንደሚሆኑ ይነገራል። ለእነርሱ በኢየሩሳሌም፣ በሄርጽል ተራራ ላይ የመታሰቢያ ሥፍራ ቆሞላቸዋል። ነገር ግን በኡም ራኩባ ካምፕ ልጇን የቀበረች እናት ሕፃኑን በምን ጨርቅ እንደገነዘች፣ ማን አብሯት እንደቆፈረ የምትናገረው እርሷ ብቻ ናት። በወቅቱ ሠላሳ ዓመት የነበራት ሴት ዛሬ ሰባ ዓመት አልፏታል።

ወጣቶቻችን ማንነታቸውን ሲጠየቁ የሚመልሱት በቂ ነገር ሊኖራቸው ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1973 የእስራኤል የሴፋርዲ አይሁድ ዋና ረቢ የነበሩት ኦቫድያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል አይሁድ መሆናቸውን በጽሑፍ አረጋግጠዋል። ያም ሆኖ ከ12 ዓመታት በኋላ ወላጆቻችን እንደገና የመንጻት ሥርዓት ፈጽሙ መባላቸውን በመቃወም በኢየሩሳሌም ጎዳና አንድ ወር ያህል ተቀምጠዋል። የሌሎች ሰዎች ውሳኔ ከመምጣቱ ከብዙ ዘመን በፊት ግን አባቶቻችን በየዓመቱ ኦሪቱን ይዘው ተራራ ወጥተው፣ ጾመው፣ ፊታቸውን ወደ ኢየሩሳሌም አዙረው ሲሰግዱ ኖረዋል። ልጆቻችን ይህን ከራሳቸው አያቶች ድምፅ እንዲሰሙት እንሻለን።

የምንለምነው ገንዘብ የሚውለው ለድምፅ መቅረጫና ለካሜራ፣ ለመጻሕፍቱ ፎቶ ማንሻ መደገፊያና መብራት፣ ቅጂዎቹ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ለሚቀመጡባቸው ዲስኮች፣ ለአረጋውያኑ መጓጓዣና የተቀረጸውን ወደ ጽሑፍ ለሚያወጡ ግዕዝ አዋቂዎች ድካም ነው። ትልቁ ወጪ ይህ የመጨረሻው ነው፤ በሙከራ የቀረጽነውን የአንድ ሰዓት ጸሎት ለመጻፍ አንድ ባለሙያ ሁለት ሙሉ ቀን ፈጅቶበታል። የኮሚቴው አባላት ክፍያ አንቀበልም። ለእያንዳንዱ ስጦታ ደረሰኝ እንሰጣለን፣ የገቢና ወጪ ሒሳቡንም በየሦስት ወሩ በጸሎት ቤታችን ሰሌዳ ላይ እንለጥፋለን። መስጠት የምትሹ በየአካባቢያችሁ ላለው የኮሚቴው ገንዘብ ያዥ ማስረከብ ትችላላችሁ፤ አሥር ሸቀልም ቢሆን በክብር እንቀበላለን።

ገንዘብ የሌላችሁ ደግሞ በሌላ መንገድ ልትረዱን ትችላላችሁ። አያታችሁ ቄስ ከነበሩ፣ ወይም ጸሎት የሚያውቁ አረጋዊ በጎረቤታችሁ ካሉ ንገሩን። ቤታችሁ ኦሪት ካለ በፖስታ አትላኩት፣ ለማንም አታውሱት፤ ከሣጥኑ ሳይርቅ እዚያው ፎቶ አንሥተን፣ በነጠላው ጠቅልለን እንመልስላችኋለን። ቀረጻውን የምንጀምረው ከመጪው ስግድ በፊት ባለው ሳምንት ሲሆን፣ የመጀመሪያው ቀጠሯችን ረሖቮት፣ ከእኚያ እናት ቤት ነው።